መቶ ስምንተኛዋ ቅርፅ

ሓረጉ ፊደል አልቆጠረችም፤ ሽምብራ ግን በወልድያ እንደሷ የሚቆጥር አልነበረም። ያስለመዳት ባሏ መምህር አስገዶም ነው። ጓደኛው አያሌው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ላለው ኮምፒዩተር ፕሮግራም ጽፎ ሲያበቃ፣ አንድ ነገር ብቻ ጎድሎት ወደ አስገዶም ላከ።

ነገሩ የማግኔት ስሌት ነው። አተሞቹ በካሬ በካሬ ይጎራበታሉ። የሁሉም ጉልበት ባንዴ አይሰላምና ከትንሽ ሰፈር ይጀመራል፤ ሁለት ጎረቤታሞች፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ አራት፣ እያሉ መደመር ነው። ስሌቱን ማሽኑ ይሠራዋል። የሰፈሮቹን ቅርፅ ግን ሰው ስሎ ይስጠው፤ አንዷ ከጎደለች ወይም ከተደገመች ድምሩ ገደል ገባ።

«ማን ከማን ጋር እንደሚነካካ ማወቅ ነው» አላት አስገዶም።

«ይኼማ የወሬኛዋ ጎረቤታችን የእትዬ ደብሪቱ ሥራ ነው» አለች ሓረጉ።

እሷ ሰፌድ ላይ ሽምብራ ትደረድራለች፣ እሱ በነጥብና በመስመር ይገለብጣል። «ይቺኛዋ የትናንትናዋ ናት፣ ዞራ ነው የመጣች» ስትለው ወረቀቱን አዙሮ ያይና እየሳቀ ይሰርዛል። ስድስት ሽምብራ ሠላሳ አምስት ቅርፅ ወለደ፤ ሰባት ሽምብራ መቶ ስምንት። ወረቀቱ ሰኞ በአውቶቡስ ሊላክ ሳጥን ውስጥ ተቀመጠ።

ጊዜው የ1970 ኅዳር ነበር። ጎረቤቷ ደብሪቱ ወንፊት ልትዋስ ገብታ ወረቀቱን አይታ ኖሮ፣ ዓርብ ማለዳ ተመልሳ መጣች።

«አንቺ ሓረጉ፣ ያ ነገር ሕዋስ የሚሉት የድብቅ ድርጅት አይደለም? ነጥቧ ሰው፣ መስመሯ መገናኛ። መርሳ ላይ በእንዲህ ያለ ወረቀት ሰው ታስሯል አሉ። ዛሬ ደግሞ በኛ ሰፈር ፍተሻ አለ።»

ማን እንዳለ አልተናገረችም፤ የደብሪቱ ወሬ ባለቤት ኖሮት አያውቅም።

አስገዶም ትምህርት ቤት ነበር። ሓረጉ ሳጥኑን ከፍታ ያገኘችውን ሁሉ ምድጃ ውስጥ ከተተች። መጨረሻ ላይ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ቀረ። ማኅተሙ ከሁሉ ይልቅ አስፈራትና እሱንም ጨመረችው።

ለምሳ ሰዓት የቀበሌው ሊቀመንበር ፈንታው ሁለት ታጣቂ አስከትሎ ገባ። «ወረቀት አለ?»

«አለ፣ ጓድ ፈንታው። የምን ሥራ እንደሆነ የሚያስረዳ የዩኒቨርሲቲው ደብዳቤም አብሮ አለ» አለ ከትምህርት ቤት ገና የገባው አስገዶም፤ ሳጥኑን ራሱ ከፈተው። ባዶ ነበር።

ፈንታው ምድጃውን በከዘራው ቆሰቆሰ። «ንጹሕ ሰው ይኼን ሁሉ አያቃጥልም።»

አስገዶም ሓረጉን አያት። ዓይኑ ላይ ቁጣ አልነበረም። ቢኖር ይሻላት ነበር።

በማግስቱ ሰፌዷንና ሽምብራዋን ይዛ እሱ ወደታሰረበት ቀበሌ ሄደች። «ወረቀቱ ላይ የነበረው ይኼ ነው፤ መቶ ስምንቱንም ላሳይዎ» አለችው። ፈንታው መጀመሪያ ሳቀ፣ ኋላ ግን እርሳስ አውጥቶ ይቆጥር ጀመር። መቶ ሰባት ላይ እጇ ቆመ።

«አንዷስ?»

«ጠፋችኝ፣ ጌታዬ።»

«ዋናዋ እሷ ናት ማለት ነው» አለና ጻፈ።

አስገዶም ወደ ደሴ ተጫነ። ከዚያ ወዲህ የት እንዳለ የነገራት የለም።

ዘጠኝ ዓመት አለፈ። አንድ ቀን የቀበሌ ስኳር ሰልፍ ላይ ቆማ ከፊቷ ያሉትን ቆጠረች፤ ከነራሷ ሰባት፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ፣ ቀጥ ብለው። ቀጥ ያለች መስመር። በጣም ቀላል ስለነበረች አስገዶም ያለ ሽምብራ ብቻውን የሳላት።

ከሰልፉ ወጥታ ቢሮው ገባች። በፈንታው ወንበር ሌላ ሰው ተቀምጧል።

«ጌታዬ፣ መቶ ስምንተኛዋን አገኘኋት።»

ሰውየው ቀና ብሎ አያት። «እናቴ፣ የስኳሩ ሰልፍ በውጭ በኩል ነው።»