የእሁድ ውሃ

ከቤት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ የአቃቂን ወንዝ የምሻገረው በአሮጌው ድልድይ ነው። እዚያ ቆም ብሎ ወደ ታች ማየት የሰፈራችን ልጆች ሁሉ ልማድ ነው። ከላይ ያሉት ፋብሪካዎች ያን ቀን ምን እየሠሩ እንደሆነ ማንንም ሳንጠይቅ ውሃው ይነግረናል። ጨርቅ ሲነከር ሰማያዊ ወይም ቀይ ይሆናል። ቆዳ ሲታጠብ ደግሞ ቡናማ ሆኖ አረፋ ይደፍቃል፤ ያን ቀን ታክሲ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ «መስኮቱን ዝጉት!» ይላል። እኛ ግን «ዛሬ ምን ለብሷል?» እየተባባልን እንስቃለን።

ዘጠነኛ ክፍል የገባሁ ዓመት ይህንን ጻፍኩት። የአማርኛ ቲቸራችን «ያየሽውን ጻፊ፤ ያላየሽውን አትጻፊ» ስላሉኝ፣ አንድ ሳምንት ሙሉ በየጠዋቱ ደብተሬን የድልድዩ ብረት ላይ አስደግፌ የወንዙን ቀለም መዘገብኩ። ሰኞ እንዲህ፣ ማክሰኞ እንዲህ፣ እስከ ዓርብ። መጨረሻው ላይ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ፦ «እናቶቻችን ይህንን ቀለም ቀድተው ቆስጣውን ያጠጡታል፤ ቆስጣውም መልሶ እኛን ያጠጣናል።» ከጽሑፉ ሁሉ እሷን ነበር የምወዳት። ስንቴ ለራሴ እንዳነበብኳት አልናገርም።

በሚኒ ሚዲያ አነበብኩት። ሰልፍ ላይ የቆመው ተማሪ፣ ሁልጊዜ የሚንጫጫው፣ ጸጥ አለ። ከዚያ በቀበሌው አዳራሽ የአካባቢ ጥበቃ በዓል ሲከበር ተጠርቼ ደገምኩት። ሊቀመንበሩ ብድግ ብለው አጨበጨቡ፤ ወረቀቱንም «ለሥራ ይጠቅመናል» ብለው ወሰዱት። ደስታውን የት ላስቀምጠው! ለእናቴ ግን አልነገርኳትም። በዓመቱ መጨረሻ ትምህርት ቤቱ የሚሰጠውን ሽልማት ይዤ ድንገት ላስደንቃት ነበር ሐሳቤ።

እናቴ ከድልድዩ በታች፣ ወንዙ ዳር፣ አሥራ ሁለት መደብ አትክልት አላት፤ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ቀይ ሥር። አባቴ ባቡር ላይ ይሠራ ነበር። ባቡሩ ሲቆም እሱም ቤት ዋለ፤ ከዚያ ወዲህ ቤታችን የቆመው በእነዚያ መደቦች ነው።

አንድ ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ መደቡ ጫፍ ላይ ማህተም ያለበት ወረቀት ይዛ ቆማለች። አጠገቧ እትዬ የምላቸው የወሎዋ ጎረቤታችን አሉ። የእሳቸውን መደብ ከእኛ የሚለየው አንድ ቀጭን ቦይ ብቻ ነው።

«ነይ እስቲ፣ ተማሪዋ» አለችኝ እናቴ። «እኛ ያነበብነው ማህተሙን ብቻ ነው።»

ማንበብ ጀመርኩ። በተበከለ ውሃ የሚለማ አትክልት በሃያ ቀን ውስጥ በባለቤቱ እንዲነሳ፣ ካልተነሳ ቀበሌው እንደሚነቅለው ይገልጻል። ምክንያቱ ጋ ስደርስ የራሴን ዓረፍተ ነገር አገኘሁት። «የአካባቢው ተማሪዎች ሳይቀሩ እንደመሰከሩት፣ እናቶች የፋብሪካ ቀለም ቀድተው ቆስጣ የሚያጠጡ በመሆኑ…» ስለ ፋብሪካ ከዚህ ሌላ አንድም ቃል የለም።

«ፋብሪካው ልማት፣ ጎመኔ ፀረ ልማት!» አሉ እትዬ። «ወላሂ፣ ጎመን እንዲህ የሚፈራ መሆኑን አላውቅም ነበር።»

እናቴ አልሳቀችም። «ይሄን የመሰከረው የማን ልጅ ነው?» አለች።

ዝም ማለት እችል ነበር።

«ያንቺ» አልኳት።

ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችና አራት ቦታ አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። «ከወንዙ ስቀዳ አይተሽኛል?»

«ወንዙ ዳር አይደለሽ እንዴ!»

«ስቀዳ አይተሽኛል ወይ ነው ያልኩሽ።»

አላየኋትም። አንድም ቀን አላየኋትም።

«መስካሪስ አገኘን» አሉ እትዬ፣ «ጀሪካን አንስታ የማታውቅ!»

እናቴ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። «የፊታችን እሁድ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ይቅርብሽ። ከቅዳሴ ቀጥታ እዚህ ነይ» አለችና መኮትኮቷን ቀጠለች።

እሁድ ረፋዱ ላይ ድልድዩ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ወንዙ ምንም አልለበሰም! የታችኛው ድንጋይ ይታያል። ፋብሪካዎቹ ቅዳሜ ከሰዓት ይዘጋሉ፣ ውሃው ሲያድር ይጠራል። ለካ ወንዙም ሰንበት ያከብራል። እኔ ደግሞ እሁድ ረፋዱን ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው የምውለው፤ መዝገቤም ዓርብ ላይ ነው ያለቀው።

ታች እትዬና ባላቸው በተከራዩት ሞተር ውሃ እየሳቡ ሁለት ሰፋፊ ጉድጓዶች ይሞላሉ። ባላቸው የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆኑ ቤት የሚገኙት እሁድ ብቻ ነው። ጉድጓዶቹ ውስጥ ወፍራም ላስቲክ ተነጥፏል፤ አንዱ የእነሱ፣ አንዱ የእኛ ነው። ጉድጓዶቹንማ ዕድሜዬን ሙሉ አውቃቸዋለሁ፤ የዝናብ ውሃ ያጠራቀሙ ይመስለኝ ነበር። እናቴ ነጠላዋን እንዳጣፋች ዳር ላይ ተቀምጣለች። ሰንበት ስለሆነ ባልዲ እንኳ አትነካም።

«እሁድ እነሱ ይሞሉልኛል» አለችኝ። «ዓርብ እነሱ መስጊድ ሲሄዱ የሁለታችንንም መደብ የማጠጣው እኔ ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ የምናጠጣው ይሄንኑ ነው። አንቺ ሳትወለጂ የተጀመረ ነገር ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ? ቆስጣውን ስትበዪው ነው የማውቀው።»

ከሰዓት በኋላ ማመልከቻ ጻፍን። እናቴ ትናገራለች፣ እኔ ጮክ ብዬ እያነበብኩ እጽፋለሁ፣ እትዬ ያርማሉ። «እንባችንን እያፈሰስን» የምትል ላስገባ ስል እትዬ አስቆሙኝ። «ማን አለቀሰ? ያላየሽውን አትጻፊ እንጂ!» ከቲቸራችን ጋር ተገናኝተው አያውቁም እኮ።

ሰኞ ሁለቱንም ሴቶች አስከትዬ ቀበሌ ሄድኩ። የሰሙ ሌሎች አትክልተኞችም መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ሊቀመንበሩ ገና ሲያዩኝ «ደራሲያችን!» አሉ። አንብበው ሲጨርሱ ግን መነጽራቸውን አወለቁ።

«ያኛውን የጻፍሽው አንቺ፣ ይሄንንም አንቺ። የቱን እንመን?»

«ሁለቱንም» አልኩ። «ያኛው ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው፣ ይሄ የእሁድ። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ግን ሳላይ ነው የጻፍኳት፤ እሷን ይሰርዙልኝ። ያየሁት ቀለሙን ነው። ቀለሙን የለቀቀው ደግሞ ማስጠንቀቂያው ላይ የለም።»

ከበሩ «እሰይ!» የሚል ድምፅ መጣ፤ እትዬ ናቸው። ሊቀመንበሩ ወደ በሩ አዩ። ምርጫ የደረሰበት ሰሞን ነበር፤ በሩ ላይ የቆሙት ሴቶች ሁሉ ካርድ አላቸው። «እሺ፣ ከክፍለ ከተማ ባለሙያ ይምጣ» አሉ በመጨረሻ።

ባለሙያዋ ረቡዕ መጣች። ከወንዙ አንድ ጠርሙስ፣ ከጉድጓዱ አንድ ጠርሙስ ቀዳች። የወንዙ ያን ቀን ቀይ ነበር። እናቴ «ልጄ፣ እንዲያው በየትኛው ፊትሽን ትታጠቢያለሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

«እናቴ፣ ዓይን የማያየው ነገር አለ። ምርመራው ይንገረን» ብላ ባለሙያዋ ጠርሙሶቹን ይዛ ሄደች። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ተስፋ ግን አልሰጠችንም።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። የጥቅል ጎመኑ ችግኝ ከማፍያው ተነስቶ መደብ ላይ የሚተከልበት ጊዜ ደርሷል፤ እናቴ ግን «ለሚነቀል አልተክልም» ብላ ተወችው። ችግኙ እርስ በርሱ ተጨናንቆ በየቀኑ ይረዝማል፣ ይቀጥናል። ባየሁት ቁጥር ጥፋቴ ቁመት ያወጣ ይመስለኝ ነበር። የምወዳትን ዓረፍተ ነገርም ከደብተሬ ላይ በእስክሪብቶ ሰረዝኳት።

ሃያው ቀን ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ዓርብ፣ ደብዳቤው መጣ። እናቴ የሁለቱንም መደብ እያጠጣች ነበር። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ «በይ አንብቢ» አለችኝ።

በጉድጓድ የተያዘ የእሁድ ውሃ የሚያጠጡ ይቀጥሉ፤ ውሃቸው በየጊዜው ይመርመር። ጥሬውን የሚበላ ሰላጣ አይትከሉ። ጉድጓድ የሌላቸው እንዲቆፍሩ ጊዜ ይሰጣቸው። ፋብሪካዎቹም ማጣሪያ እንዲሠሩ ደብዳቤ ተጽፎላቸዋል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለተኛውን ያነበብኩት ለራሴ ነው።

እትዬ ከመስጊድ ሲመለሱ ነገርናቸው። «ጎመን ተፈታ፣ ሰላጣ ተፈረደበት!» ብለው እጃቸውን አጨበጨቡ። ቃሊቲ እስር ቤት አጠገብ የሚኖር ሰው ናቸዋ! «አብሽሪ ብዬሽ አልነበረም?» አሏት እናቴን።

እናቴ መደቡ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች፣ ከዚያ ሳቀች፤ ያን ሰሞን ስትስቅ ያየኋት ገና ያኔ ነው። ወዲያው ተነስታ «አባትሽን ጥሪው፤ ችግኙንም አምጪ» አለችኝ።

አባቴ ቆፈረ፣ እሷ ተከለች፣ እኔ ከጉድጓዱ እየቀዳሁ አጠጣሁ። ጀሪካን እንዲህ እንደሚከብድ ማን አውቆ! አጠገባችን ወንዙ ሰማያዊ ሆኖ ይወርዳል፤ ደብዳቤው ገና አልደረሰውም መሰለኝ። እትዬ ከቦዩ ማዶ ሆነው አዩኝ።

«መስካሪዋ! አሁንስ አየሽ?»

«አየሁ፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ይሄንንም ጻፊው።»

ይኸው ጻፍኩት። ያኔ ወዲያው ያልጻፍኩት እስከ ማክሰኞ ድረስ እጄ እስክሪብቶ መያዝ ስላቃተው ነው።