ሣሩና ሰይፉ

ከታናሽ ወንድሜ ጋር የምንኖረው አባታችን አምቦ ላይ ባወረሰን ግቢ ውስጥ ነው፤ እሱ ከነቤተሰቡ በጓሮው ቤት፣ እኔ መንገድ ዳር ባለው ቤት። የእኔ ቤት ሁለት ክፍል ነበረው። ከኋላ እተኛለሁ፤ ከፊት መጻሕፍቴን ደርድሬ እቀመጣለሁ። ለብዙ ዓመታት ስለ ወንድሜም ሆነ ስለ ሌላ ነገር አንዳች አልጻፍሁም። አሁን የምጽፈውም ይቅር ስላልሁት አይደለም።

ነገሩ የጀመረው መንገድ በተዘጋበትና ኢንተርኔት በጠፋበት ክረምት ነው። ወንድሜ ከእጃጂ እህል እያመጣ የሚሸጥ ነጋዴ ስለሆነ፣ መኪና ሲቆም ሥራ ፈታ። ከአዲስ አበባ ገዝቶት የነበረውን ፕሌይስቴሽን ከሳጥኑ አውጥቶ የፊት ክፍሌ ውስጥ ካለው ቴሌቪዥን ጋር አገናኘው። እኔ ታሪክ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝና፣ ጨዋታው ታሪካዊ ነው ብሎ አግባባኝ።

በየጥቂት ዓመቱ አዲስ ክፍል የሚወጣለት ጨዋታ ነው። አንዱ በመስቀል ጦርነት ዘመን፣ ሌላው በጣልያን ከተሞች፣ ሌላው በጥንታዊት ግብጽ ይካሄዳል። ሥራው ግን አንድ ነው፤ በጠባቂዎች የተከበበን ሰው መግደል። ወይ ረጅም ሣር ውስጥ ተኝተህ፣ ወይም በሚጸልዩ መነኮሳት መካከል አንገትህን ደፍተህ፣ ጠባቂው ፊቱን እስኪያዞር ትጠብቃለህ፤ አለዚያ በዋናው በር ገብተህ ሰይፍህን ትመዛለህ። እኔ የመጀመሪያውን መረጥሁ። ወንድሜ ሁልጊዜ በበሩ ይገባል፤ ደወሉ ይደወላል፤ ጠባቂው ሁሉ ይሰበሰብበታል፤ ይሞታል፤ እንደገና በዚያው በር ይገባል። በኋለኞቹ ክፍሎች ከጀርባ የተወጋ ጠባቂ አንዳንዴ ሳይሞት ዞሮ ይገጥምሃል። ይህ እንደ ወንድሜ ላለ ተጫዋች የተሰጠ ጉቦ ነው፤ የሠሩትን ሰዎች እስከ ዛሬ እታዘባቸዋለሁ።

ተራዬ ደርሶ ሣር ውስጥ ስተኛ ከጎኔ ሆኖ ያላግጥብኛል።

«ጋሼ፣ ሰውየው በእርጅና እስኪሞት ነው የምትጠብቀው?»

እኔም በሬ እንኳ በረት ሲገባ ግራ ቀኙን እንደሚያይ እነግረዋለሁ። በዚህ ዓይነት ክረምቱን ተሰዳድበን ጨረስን።

መንገዱ ሲከፈት ወንድሜ ወደ እህሉ የሚመለስ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን የፊት ክፍሌን ወጣቶች እየከፈሉ ለሚጫወቱበት ፕሌይስቴሽን ቤት ፈለገው። መጻሕፍቱ ጓሮ መደርደር ይችላሉ አለ። እምቢ አልሁ። ነገሩ ከርሮ ወደ ሽምግልና ሄደ።

በእኛ ሰፈር ሽምግልና አስቀድሞ አንገቱን የደፋ ወገን ይከበራል። ሽማግሌ ፊት ድምፁን ከፍ ያደረገ ግን፣ እውነቱ የእሱ ቢሆን እንኳ፣ ካሣው ከእሱ ይጠየቃል። ይህን ስለማውቅ ዝም ለማለት ቆርጬ ሄድሁ። ወንድሜ እንደ ልማዱ በበሩ ገብቶ ይጮኻል፤ እኔ ክፍሌን ይዤ እመለሳለሁ ብዬ ነበር።

ሦስት ጎረቤቶቻችን ግቢያችን ካለው ዋንዛ ሥር ተቀመጡ። ወንድሜ ነጭ ጋቢውን አጣፍቶ መጣና የሽማግሌዎቹን ጉልበት ሳመ። ተናገር ሲባል ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ፣ በማላውቀው ድምፅ ተናገረ።

«ጋሼ ለእኔ አባቴ ነው። ክፍሉ ለእሱ ይሁን። እኔ ልጆቼን ይዤ ኪራይ ቤት እፈልጋለሁ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። እኔ ግን የጨዋታውን መነኮሳት አየሁ፤ በመካከላቸው አንገቱን የደፋውንም ሰው ለየሁት።

«ውሸቱን ነው» አልሁ። «ይህን ያስተማርሁት እኔ ነኝ። በጨዋታ ነው ያስተማርሁት።»

ሁላችንም ኦቦ የምንላቸው ታላቁ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሩ። «በምን ጨዋታ፣ መምህር?»

ለክፍል ዳኝነት ለተቀመጡ ሰዎች ስለ ሣሩ፣ ስለ መነኮሳቱና ስለ ጠባቂዎቹ ማስረዳት ጀመርሁ። ባስረዳሁ ቁጥር ድምፄ ከፍ አለ። ወንድሜ ቀና ሳይል ቆሞ ይሰማኛል። በመጨረሻ ነፍሰ ገዳይ አልሁት።

ሽማግሌዎቹ ራቅ ብለው በኦሮምኛ ተመካከሩ። ሲመለሱ፣ ታናሼን በአደባባይ ስላዋረድሁ የፊት ክፍሉ በካሣ ለእሱ እንዲሰጥ፣ እኔም ከኋላ እንድኖር ፈረዱ። ቴሌቪዥኔ ክፍሉ ውስጥ ስለነበር አብሮ ሄደ። እነሱ ሲመርቁ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን። ያን ጊዜ ነው በጆሮዬ የተናገረው።

«ጋሼ፣ ከሣሩ ማን አወጣህ?»

አሁን መጻሕፍቴ አልጋዬን ከብበው ተከምረዋል። በእኔና በፊት ክፍሉ መካከል ያለው የቺፑድ ግድግዳ ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ የሚመጡት ወጣቶች በፕሌይስቴሽኑ ኳስ እየተጫወቱ ይጮኻሉ፤ ያን ለምጄዋለሁ። ጠዋት፣ ደንበኛ ሳይመጣ፣ ወንድሜ ያንኑ የድሮ ጨዋታ ብቻውን ይጫወታል። አሁን በበሩ አይገባም። ሣር ውስጥ ተኝቶ ጠባቂውን ለማቅረብ ሲያፏጭ ይሰማኛል። ከዚያ ጠባቂው እየተጠጋ ሲመጣ ኮቴው ይሰማኛል። አንድ እርምጃ ሲቀረው ቺፑዱን በከዘራዬ እመታዋለሁ።

ወንድሜ ይደነግጣል፤ ጣቱም ይስታል። ደወሉ ይደወላል፤ ሰይፎች ይመዘዛሉ። እሱ ከወዲያ በኩል ይሰድበኛል። እኔም ወደ ንባቤ እመለሳለሁ።