የነገረ ፈጁ ካፖርት

ዝናብ የመታው የሱፍ ካፖርት ከእርጥብ በግ የባሰ ይሸታል። ባለፈው ክረምት ጎንደር፣ ልጄ ከባሏ ልትፋታ ጠበቃ ዘንድ ስንሄድ ይህን ሽታ ቢሮው ውስጥ ይዤ የገባሁት እኔው ነኝ። ልጄ አፍንጫዋን ይዛ ወንበሯን ከእኔ ከእናቷ አራቀች። ከጠበቃው ጀርባ ያለው ግድግዳ በመስታወት በተለበጡ ወረቀቶች ተሞልቷል፤ ዲግሪ፣ የጥብቅና ፈቃድ፣ የሥልጠና ምስክር ወረቀት፣ ማኅተም በማኅተም ላይ። ማኅተሙ ብቻውን ቢጫን በቅሎ ያጎብጣል። አላጣጥልም፤ ሰውየው የተማረ ነው፣ ልጄንም ሳያቋርጥ አዳምጧታል። እኔ ግን የካፖርቴን ሽታ እየማግሁ በሐሳቤ ደባርቅ ደርሻለሁ፤ ማስረጃቸውን ሁሉ በገላቸው ተሸክመው የሚዞሩ ነገረ ፈጅ ዘንድ።

አያ ሙጬ ይባሉ ነበር። ከገበያው በላይ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር፣ በተገለበጠ የጥይት ሳጥን ላይ ተቀምጠው ስለ ተጣሉ ባልና ሚስት መሟገት ነበር ኑሯቸው። ፈቃድ የላቸውም፤ ትምህርታቸው ከዳዊት አያልፍም። በምን ልመንዎት ያላቸው ሰው ግን መልስ አያጣም። መጀመሪያ የግራ ጆሯቸውን ያሳዩታል፤ ግማሹ የለም። ዳባት ላይ አንድ ባል በጥርሱ ወስዶታል። ቀጥሎ አፋቸውን ይከፍቱለታል፤ የፊት ጥርሶቻቸውን ዛሪማ ላይ አንዲት አማት በዘነዘና አራግፋቸዋለች። ተነሥተው ሲያነክሱ ደግሞ ትልቁ ማዕረግ ይታያል። አምቢኮ ውስጥ ሊያፋቷቸው የሄዱላቸው ባልና ሚስት ድንገት ታርቀው፣ ከእርቁ በኋላ በጋራ የሠሩት የመጀመሪያ ሥራ እሳቸውን ገደል መስደድ ነበር። “ያንን ትዳር ያጸናሁት እኔ ነኝ” ይሉ ነበር፣ ምስጋናው እንዳይቀርባቸው።

ካፖርታቸውን ጣሊያን ጥሎት የሄደ ነው ይሉታል። ጣሊያን ለብሶት እንደሆነ እንጃ፤ ጥሎት መሸሹ ግን አይገርምም። ደረቅ ሲሆን አንድ በግ፣ ሲርስ አንድ ጥጃ ይመዝናል። ትምባሆ፣ የባሕር ዛፍ ጭስና የገበያ ጭቃ ሁሉ ተጠራቅሞበት፣ አያ ሙጬ ከመድረሳቸው በፊት ካፖርቱ ይደርስ ነበር።

ጊዜው ግን ሰው ሳቁን ጓዳ ገብቶ የሚስቅበት ነበር። ኦራል መኪኖች ወታደር ጭነው በሊማሊሞ ቁልቁል ይወርዳሉ፤ የሚመለሱት ሸራቸው ተዘግቶ ነው። የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ከጉሙ ውስጥ ለስብሰባ ይጠራል። አባቴ የአብዮት ጥበቃው አዛዥ ነበር። በቤታችን ወፍራሙን ብርድ ልብስ የሚለብሰው ጠመንጃው ነው። እናቴን እንጉዳይን ሲደበድባት ጎረቤቶቻችን ሬዲዮናቸውን ከፍ ያደርጉ ነበር፤ የደባርቅ ሰው ዜና ወዳድ የሆነው በዚያ ዘመን ይመስለኛል። በመጨረሻ ክንዷን ሰበረውና የሚቀጥለው በጥይት ነው አላት። እናቴ አመነችው። እኔንና ታናሽ ወንድሜን ደሳለን ይዛ በሕይወት ከመውጣት በቀር ምንም አልፈለገችም።

ነገረ ፈጅ ፍለጋ ከተማውን አዳረሰች። የአባቴ ስም ሲጠራ ለቅሶ አለብኝ የማይል ጠፋ። አያ ሙጬ ብቻ በነጠላዋ የታሰረውን ክንድ ሲያዩ ቆዩና፣

“አንድ ጆሮ ተርፋኛለች፤ ለእሱ ትሁን” አሏት።

ያኔ ፍቺ የሚያልቀው በሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ፊት ነበር። የእኛው ሽምግልና የአባቴ የንስሐ አባት በሆኑት በአባ ውቤ ቤት ተሰየመ። አባቴ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹም ከፊቱ ይልቅ አፈሙዙን እያዩ ይናገሩ ጀመር። ስለ እርቅ፣ ስለ ትዕግሥት፣ የሴት ምላስ ስለሚያመጣው ጣጣ። አያ ሙጬ ስለ ዱላው ትንፍሽ አላሉም፤ የተሰበረውን ክንድ እንኳ አሳዪ አላሏትም። የጠየቁት የአገሩን ልማድ ነው፤ አንዱ ያለውን ሁሉ ለሁለት ይመድባል፣ ሌላው አንዱን ምድብ ይመርጣል።

“እሱ ይመድብ፣ እሷ ትምረጥ። ልጆቹም በምድቡ ይግቡ። እሷንም የመረጠችውንም ነገ ላይነካ ግን፣ ከመመደቡ በፊት በደረስጌ ማርያም ይማልልኝ።”

አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ከመቀመጫው ሊነሣ ቃጣ። ልጅ ከላም ጋር ይመደባል ወይ ብሎ አጉረመረመ። ከሽማግሌዎቹ አንዱም “ሙጬ፣ ገደሉ ጭንቅላትህንም ነክቶት ኖሯል” አለና ጥቂት ተሳቀ።

አባቴም ሳቀ። በስብሰባ ሃይማኖት የአድኃሪ መሣሪያ ነው እያለ ጠረጴዛ የሚደበድብ ሰው ነበር። ያን ዕለት ግን ማርያም ስትጠራ ኮፍያውን አወለቀ፤ ድምፁ ወርዶ፣ ዓይኑን መሬት ተክሎ ማለ። ከዚያ ተነሥቶ መደበ። በአንድ ወገን ቤቱን፣ ላሞቹን፣ በቅሎዋን፣ የጎተራውን ገብስ፣ ሬዲዮኑን፣ የምንተኛበትን ቁርበት ሳይቀር ቆጠረ። በሌላው ወገን እኔንና ደሳለን፣ እንደቆምን።

“ምረጪ” አላት። “ሰኔ ገብቷል። ምን እንደምታለብሻቸው አያለሁ።”

እናቴ በደኅናው እጇ ደሳለን ያዘችው። እኔ ቀሚሷን ጨበጥሁ።

“መርጫለሁ” አለች።

አባቴ ያን ሁሉ ንብረት አንድ ላይ የከመረው ማንም ሰው ያንን ትቶ እንደማይሄድ ተማምኖ ነበር። እሱ ራሱ አይሄድማ። አያ ሙጬ ይህን ያውቁ ኖሯል፤ ሌላ ነገረ ፈጅ ቢሆን ላም ለማስከፈል ሲሟገት እኛን ያስቀረን ነበር። አባቴ ፊቱ ጠቁሮ ጠመንጃውን አነሣ። ሽማግሌዎቹ ወደ ግድግዳው ተጠጉ። ይህን ሁሉ ጊዜ መቁጠሪያቸውን ያሽከረከሩት አባ ውቤ ቀና አሉ።

“ምለሃል” አሉት።

አፈሙዙን ወደ መሬት አወረደ። ከዚያም ተቀመጠ።

ውጭ ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ ይወርዳል። አያ ሙጬ እያነከሱ ተከትለውን ወጡና ካፖርታቸውን አውልቀው በሦስታችን ላይ ጣሉት። ጨለመብኝ፤ ሽታው ሊገድለኝ ነበር፤ ሙቀቱን ግን እስካሁን አልረሳሁትም።

“ይኼን ማንም አልመደበውም” አሉ።

“እርስዎስ?” አለቻቸው እናቴ።

“እኔማ የሚበርደኝ ጆሮ አንድ ነው።”

ዳባት አክስቴ ቤት ገባን። አባቴ መሐላውን ጠበቀ፤ ደጃችንን ረግጦ አያውቅም። መሐላው ግን እኛን እንጂ አያ ሙጬን አይሸፍንም ነበር። ስንት ባል ያሳደዳቸው ሰው ይህን ሳያውቁ ቀርተው አይመስለኝም። ክረምቱ ሳይወጣ ፀረ አብዮት ቀስቃሽ ተብለው ከጥይት ሳጥናቸው ላይ ተወሰዱ። እናቴ ሲነገራት መጀመሪያ ያሰበችው ብርዱን ነው። ካፖርቱን አጥባ፣ እሳት ዳር አድርቃ፣ ደባርቅ እስር ቤቱ በር ይዛው ሄደች። ጠባቂው ልጅ እግር ነበር። ካፖርቱን ተቀብሎ ዳሰሰው፣ ዓይኑን ከዓይኗ አሸሸና፣

“መልሺው፣ እናቴ። ከእንግዲህ ልብስም ስንቅም አታምጪላቸው” አላት።

በዚያ ዘመን ይህን ቃል የሚያስተረጉም ሰው አልነበረም። ለብሳው አልተመለሰችም። ባልጸናው ክንዷ ጭምር እንደ ሬሳ ታቅፋው መጣች። ይህን ለልጄ ስተርክላት እዚህ ቦታ ላይ የማስገባው ቀልድ ሁልጊዜ አላጣም ነበር፤ እያረጀሁ ስሄድ ጠፋኝ።

አስከሬናቸውን ማንም አላየም። የጥይት ሳጥኑም ለማገዶ ሆነ። እናቴ ልትሞት ስትል ሌላውን ተካፈሉ፣ ይህን ግን አትመድቡት ብላን ነበርና ካፖርቱ ከደሳለ ቤት እኔ ቤት ይመላለሳል። ክረምት ክረምት እኔ ዘንድ ነው።

ጎንደር ቢሮው ውስጥ፣ ጠበቃው ካፖርቱ ወንበሩን ሲያረጥበው አይቶ ብድግ አለ።

“እናቴ፣ ይስጡኝ፤ ልስቀልልዎ።”

መስቀያ ፈለገና አጣ። ዞር ዞር ብሎ ከዲግሪውና ከጥብቅና ፈቃዱ መካከል ያለች ባዶ ምስማር አገኘ፤ እሷ ላይ ሰቀለው። ውኃው ወለሉ ላይ ጠብ፣ ጠብ ይል ጀመር። ልጄ ቀና ብላ አየችውና ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች።