ቄሱ አባቴ የደበቁት እግር

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት የኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው። እስካሁን ከልቤ አልወጣም፤ ባሰብሁት ቁጥር እንደ አዲስ ያንገበግበኛል።

እኔ ፍኖተ ሰላም ባጃጅ እነዳለሁ። ትምህርቱን ስምንተኛ ላይ ትቸዋለሁ። አባቴ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ደብር ቄስ ናቸው። ልጃቸው ሆኜ ባታቸውን አይቸ አላውቅም ነበር። በጨርቅ ጠምጥመው፣ በላዩ ረዥም ቀሚስ ይለብሱበታል። "ምን ሆነው ነው?" ስላቸው "ብርድ ነው" ይላሉ። ያን ሁሉ ዓመት ብርድ! ጤና ኬላ ያለው ባለሙያም አንድ ቀን እንኳ ገለጥ አድርጎ ሳያይ ቅባት እየሰጠ ይሸኛቸዋል። ጎረቤቱ ደግሞ መተት ነው ይላል። በኛ አገር ሁሉም ሐኪም ነው፤ ገልጦ ማየት ብቻ ነው የሚያቅተው።

የዚያን ቀን ለበዓሉ እሳቸው ደብር ሄጄ ነበር። ቅዳሴ አልቆ፣ አባቴ ወደ ደጀ ሰላሙ ሲሄዱ እግራቸውን ከድንጋይ ጋር አጋጩት። ወዲያው የጠመጠሙት ጨርቅ ቀይ ሆነ። ሮጬ ደረስሁ።

"እሾህ ነው፣ ዞር በል" አሉኝ።

እሾህ! ይኸን እያሉ ተንገዳግደው ተቀመጡ። ጨርቁን በግድ ፈታሁት። ከጉልበታቸው ጀምሮ ደም ሥሩ እንደ ገመድ ተቋጣጥሮ ተጠማዟል። ወደ ታች ቆዳው ከስሏል። ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ የቆየ ቁስል አለ፤ ደሙ ከዚያው ጎን እንደተበሳ ቧንቧ ይረጫል።

አብሮን ያስቀደሰው አጎቴ ነጠላውን ቀዶ ከጉልበታቸው ሥር አሰረው። እኔም አንዱን ጫፍ ይዤ ሳብሁ። ደሙ ባሰበት።

"አጥብቀው እንጅ!" ይላል አንዱ። "ቡና ነስንሱበት!" ይላል ሌላው።

"ፍቱት! ኧረ ፍቱት!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል የማላውቃት ጎልማሳ ሴት ናት። ኋላ እንደነገረችን ደምበጫ ጨርቅ ትነግዳለች፤ ስለት ልታስገባ ነው የመጣች።

"ሴትዮ፣ ዶክተር ነሽ?" አልኋት።

"አንተ አፈኛ፣ አባትህ ናቸው? እንግዲያው ምላስህን ሰብስብና ትከሻህን አምጣ!"

ቋጠሮውን ራሷ ፈታችው። አባቴን በጀርባቸው አስተኛችና ተረከዛቸውን አንስታ እኔ ትከሻ ላይ ጣለችው። ነጠላዋን አጣጥፋ ደሙ የሚወጣበት ላይ በሁለት እጇ ተጫነች።

"ስታስሩት እኮ ደሙ ወደ ላይ መመለሻ ያጣል። በቀዳዳው ካልወጣ የት ይሂድ?" ትላለች እየተጫነች።

ጥቂት ቆይቶ ደሙ ቆመ።

"አሁን ወደ ሐኪም" አልሁ። አባቴ እጄን ለቀም አደረጉ።

"አይሆንም። ይቆርጡታል። በአንድ እግር ምን ብዬ ቆሜ ልቀድስ?" አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ደግሞ፣ "ደም የሚፈሰው ሰው መቅደስ አይገባም። ደም ባየሁ ቀን አሞኛል እያልሁ እቀር ነበር። ይኸ ከታወቀ ለዘለቄታው ሊያስቀሩኝ ነው ብዬ ደበቅሁት።"

"ታዲያ ሞተው ነው የሚቀድሱት?" ብዬ ጮኽሁባቸው።

"ኧረ ተው፣ ቄስ ናቸው!" አለኝ አጎቴ።

ይኸን ጊዜ ሴትዮዋ ብድግ ብላ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰበሰበችው። በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት! አንዱ ሽማግሌ "ኧረ በሕግ አምላክ!" አሉ።

"ካፈሩ ዞር ይበሉ፤ እኔ የማሳይ ለሳቸው ነው" አለቻቸው። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረች። "አባቴ፣ ሱቅ ቆሜ እየዋልሁ ይች እግሬ እንደ አንቱ ነበረች። ባሕር ዳር ደም ሥሩን በመርፌ ነው የዘጉልኝ። ቢላዋ አልነካኝም። ጠባሳ ካገኙባት ይንገሩኝ።"

አባቴ እግሯን ቀና ብለው አላዩም። ፊታቸውን አዙረው አንድ ነገር ብቻ ጠየቋት።

"ከዚያ ወዲህ… ቆመሽ ታስቀድሻለሽ?"

"ዛሬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆሜ ነው ያስቀደስሁ።"

እጄን ለቀቁና "ባጃጅህን አስነሳ" አሉኝ።

ቡሬ ቁስሉን አጥበው አሸጉልን። የባሕር ዳር መንገድ ግን ተዘግቶ ስለነበር እስኪከፈት ጠበቅን። እዚያ ደርሰን ያገኘነው ሐኪም ገና ስንገባ "እስኪ እግርዎን ልይ" አለ። ይችን ቃል ለመስማት ነው እንግዲህ ያን ሁሉ አገር የሄድነው። ደሙን ወደ ላይ የሚያሳልፉት የደም ሥር በሮች ስለማይገጥሙ ደሙ ተመልሶ እግር ላይ እንደሚጠራቀም፣ ብዙ መቆምም እንደሚያባብሰው ነገረን። እግራቸውን በአልትራሳውንድ እያየ የተበላሸውን ደም ሥር በመርፌ አረፋ የመሰለ መድኃኒት ሞላው። ጥብቅ ካልሲ አጠለቁላቸው፤ በዚያው ቀን በእግራቸው ተራምደው ወጡ።

አባቴ ለደብሩ አስተዳዳሪ እውነቱን ራሳቸው ተናገሩ። ቁስሉ እስኪደርቅ እንዲያርፉ ተነገራቸው፣ በቃ። ያን ሁሉ ዓመት የፈሩት ይኸን ነበር። ቁስሉ ለመድረቅ ወራት ፈጀ እንጅ ደረቀ።

ተመልሰው የቀደሱ ዕለት ውጭ ቆሜ ድምፃቸውን ሰማሁ። አልዋሽም፣ አለቀስሁ። ንዴቴ ግን ዛሬም አልበረደልኝም። በማን እንደምናደድ ራሱ ይጠፋብኛል። ቅባት በሚሰጠው ሰውዬ? መተት ነው በሚለው ጎረቤት? በአባቴ? ያች ሴት ስለቷን ሌላ ደብር አስገብታው ቢሆን፣ አባቴን የምንገድላቸው እኛው ነበርን፤ እያለቀስን፣ ቋጠሮውን እያጠበቅን።