ጨው የገባበት በርሜል

እሑድ እሑድ ክሊኒኬን ዘግቼ ለአሳዎቼ ውሃ ስቀይር፣ ጨዉን ባልዲው ውሃ ላይ ነስንሼ ሳማስለው፣ የሚወጣው የእርጥብ ጨው ሽታ ወረታ ከተማ መሀል ካለሁበት አንስቶ ከአባቴ ከብቶች መሀል ያቆመኛል። በሬዎቹ ጨው ሲልሱ የሚሰማው የምላሳቸው ፍትጊያ ይመጣብኛል፤ እሱን ተከትሎ ሁልጊዜም የአክስቴ ልጅ ሙላት ይመጣል፤ ሙላት ሲመጣ ጥርሴን እነክሳለሁ። የጥርስ ሐኪም ነኝና ጥርስ መንከስ እንደማይበጅ ስንቱን እመክራለሁ፣ ለራሴ ግን እስካሁን አልሆነልኝም።

በሽተኞቼ ተራ በሚጠብቁበት ክፍል ያስቀመጥኩት የመስታወት ገንዳ ትልቅ አይደለም፣ አምስት ጀሪካን ውሃ ይሞላዋል። ውሃው እንደ ባሕር ውሃ ጨው ነው፤ ጨዉም አሳዎቹም ከአዲስ አበባ ነው የመጡት። ልገዛ የሄድኩ ቀን ሻጩ «እኅቴ፣ መልኩን አይተሽ አትውሰጂ፣ ጠባዩን ጠይቂ» አለኝና፣ ዓይን አፋሮቹ ቀድመው ገብተው ቦታቸውን መያዝ እንዳለባቸው፣ ቤቱ ሁሉ የኔ ነው የሚለው ግን መጨረሻ ላይ እንደሚገባ፣ ከነጭራሹ ባይገባም እንደሚሻል፣ ከሌላው አፍ የሚገባ ትንሽ አሳ ደግሞ ከትልቁ ጋር እንደማይቀመጥ ብዙ አስረዳኝ። ዝም ብዬ ሰማሁት እንጂ ይህን ሁሉ ከአንድ ግማሽ በርሜል ተምሬው ነበር።

ቤታችን ከወረታ ዝቅ ብሎ ፎገራ ሜዳ ላይ ነበር። ክረምት ሲገባ ርብ ከዳርቻው ይወጣና ሜዳውን አልብሶት፣ ውሃው እስከ አጥራችን ድረስ መጥቶ ይሰነብት ነበር። በመስከረም ሲሸሽ በሩዝ ማሳዎቹ ቦይ ውስጥ አሳ ጥሎ ይሄድ ነበርና፣ በዚያ ዓመት እኔ የአሥራ ሦስት ዓመቷ ታንጉት የእናቴን ወንፊት ሰርቄ ወርጄ፣ ቆሮሶ የሚባለውን ጠፍጣፋ አሳ እያጠመድኩ አመጣሁ። አባቴ ለጥጆች ውሃ መጠጫ ብሎ በቁመቱ የሰነጠቀው በርሜል ነበረ፤ ጠርዙ ስለዛገ ለኔ ተወልኝ። ያገኘሁትን ሁሉ ግን አልጨመርኩበትም። መጠናቸው የተካከለ አራት መርጬ፣ ድንጋይ አስገብቼ፣ አንደኛው ጭራው የተቀደደ ስለነበር መደበቂያ ቄጠማ ተክዬለት፣ ሌሎቹን መለስኩ። አምባዛማ ባጠገቡም እንዲያልፍ አልፈቅድም ነበር፤ ባለ ሪዙ አምባዛ የገባበት ውሃ ውስጥ ሌላ አሳ እንደማይከርም የሜዳው ልጅ ሁሉ ያውቃል። ለአራቱም ስም አውጥቼላቸው ነበር፣ ስማቸውን ዛሬም ለማንም አልናገርም።

ሙላት ከሐሙሲት የመጣው ከመስቀል በኋላ ነው። የአባቴ እኅት የሟቿ አክስቴ ልጅ ነበር፣ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል፤ አባቱ ሌላ ሚስት ሲያገባ ከእንጀራ እናቱ ጋር አልስማማ ብሎ እኛ ዘንድ ተላከ። ወንድ ልጅ ያልነበረው አባቴ በደስታ ተቀብሎ፣ ከጎኑ አስቀምጦ፣ ለኔ አንድ ቀን ያላሳየኝን የበሬ አጠማመድ ያሳየው ጀመር። ሁለታችንም ስምንተኛ ክፍል ነበርን። አባቴ አንድ ማታ እራት ላይ «የሚመጣው ዓመት ሙላትን ለዘጠነኛ ክፍል ወረታ ቤት ተከራይቼ አስገባዋለሁ፤ ለሁለት ሰው ስንቅ መላክ አልችልም» አለ። እኔ ወደየት እንደምገባ የጠየቀ የለም። እናቴ ብቻ ወደኔ አየት አደረገችና ወጡን ጨመረችልኝ።

ጥቅምት ላይ አንድ ጠዋት ወደ በርሜሌ ብሄድ ሦስቱ የሉም። ክንድ የሚያህል አምባዛ ሪዙን እያወዛወዘ ይዞራል፣ ከአፉም ያ የተቀደደ ጭራ ብቅ ብሏል። ሙላት አጥሩ ላይ ተቀምጦ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። ጮኼ አባቴን ጠራሁት፤ መጣ፣ አየ፣ እሱም ሳቀ።

«አሳ አሳን ቢበላ ምን ይገርማል? ለዚህ ነው የምታለቅሽ?» አለኝ።

የዚያኑ ቀን ሙላት አምባዛውን አውጥቶ ፍም ላይ ጠብሶ፣ አንድ ቁራጭ በቅጠል ይዞልኝ መጣና «ቅመሽ እንጂ ታንጉት፣ ያንችዎቹም አሉበት» አለኝ። ቅጠሉን ከእጁ መትቼ ጣልኩት፣ እናቴ ምግብ ጣልሽ ብላ ቆነጠጠችኝ። ያን ቀን ማልኩ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ኅዳርና ታኅሣሥ ሩዝ ስናጭድ እሱ ከፊቴ እየዘፈነ ያጭዳል፣ እኔ ከኋላው ነዶ እየሰበሰብኩ ምን እንደማደርገው አስብ ነበር። ጫማው ውስጥ እሾህ መክተት ታየኝ፣ ደብተሩን ለጥጃ ማብላት ታየኝ፣ ሁሉም አነሰብኝ። ሁዳዴ ሲገባ እናቴ ስሰግድ አይታ ፊቴ ላይ ያለውን አነበበችና «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው ልጄ፣ ተይው» አለችኝ። አልተውኩትም፤ ስግደቱን ተውኩት።

በዚያን ጊዜ በርሜሌን ሙላት ወስዶት ነበር። ርብ በበጋ ሲጎድል ከሚተዋቸው ኩሬዎች አምስት የሰቡ ቆሮሶ አምጥቶ፣ የሩዝ ንፋይ እያበላ፣ የትምህርት ቤት ልጆች እየጠራ ያሳይ ነበር። እኔ ያወጣሁትን ሕግ አንድም ሳያስቀር፣ እኩያ ከእኩያ አድርጎ፣ ቄጠማ ሳይቀር ተክሎ። የሳይንስ አስተማሪያችን ባሕር ጨው ነው ያሉን በዚያው ሰሞን ነው፤ እኛ ባሕር የምንለው ጣናን ነበርና ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ ሳልስቅ እጄን አውጥቼ «የኛ አሳ ጨው ውስጥ ቢገባስ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ይሞታል» አሉኝ።

አባቴ የከብቶቹን ጨው በስልቻ አድርጎ ምሰሶ ላይ ይሰቅለው ነበር፤ በበጋ ገለባ የሚበሉ ከብቶች ጨው ካልላሱ ይከሳሉ እያለ እንደ ዓይኑ ይጠብቀው ነበር። ሰው ሁሉ ቅዳሴ በሄደበት ዕለት ቤት ጠብቂ ተብዬ ቀረሁ። ስልቻውን አወረድኩ፣ ሦስት ጣሳ ሙሉ በርሜሉ ውስጥ ገለበጥኩ፣ በእንጨት አማሰልኩት። አሳዎቹ መጀመሪያ ተወራጩ፣ ከዚያ አፋቸውን ወደ ላይ ከፍተው መጡ፣ ከዚያ በጎናቸው ተኙ። እስከ መጨረሻው ቆሜ አየሁ፤ ደስ አለኝ፤ ዛሬ ደስ አላለኝም ብል ውሸት ይሆንብኛል።

አባቴ ስልቻውን አንሥቶ መቅለሉን አወቀ፣ በበርሜሉ ጠርዝ የደረቀውን ነጭ ነገር አየ፣ ጣቱን ነክሮ ቀመሰ። ሙላትን በማጅራቱ ይዞ አምጥቶ እሱንም አስቀመሰው።

«ባሕር ልትሠራ አማረህ? በከብቶቼ ጨው?»

«እኔ አይደለሁም ጋሼ! እናቴ ትሙት!»

«እናትህማ ሞታለች!» አለው አባቴ፣ ወዲያው ግን የተናገረው ነገር ራሱኑ አስደነገጠው። የንስሐ አባታችን ተጠሩ። ግቢ ውስጥ ቆመው መስቀላቸውን ይዘው «ያደረገ ይናገር፤ ያወቀ ቢደብቅ ግዝት ይሁንበት» አሉ። ሙላት ቀና ብሎ ቀጥታ እኔን አየኝ። እኔ እግሬን አየሁ፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ ቆጠርኩ፣ አፌን አልከፈትኩም። አባቴ ከሌባ ይልቅ ውሸታም ይጠላ ነበርና በማግስቱ ሐሙሲት በሚያልፍ አይሱዙ አሳፍሮ ወደ እንጀራ እናቱ መለሰው። መኪናው ሲነሳ አቧራው እስኪጠፋ ቆሜ አየሁት። በመስከረም ለእሱ ተዘጋጅቶ የነበረውን ፍራሽ ተሸክሜ ወረታ ገባሁ። አባቴም ሳልነግረው ሞተ።

ባለፈው ሰሞን አንድ ጉንጩ ያበጠ፣ ነጠላ አገጩ ላይ የጠመጠመ ሰውዬ ከመስታወቱ ፊት ቆሞ አገኘሁ። የሐሙሲት የሩዝ መፈልፈያ አቧራ ፀጉሩ ላይ ነበር። በጆሮው ነው ያወቅሁት፣ ጆሮው የአባቴ ነው።

«ጨው ነው አሉ። እውነት ነው?» አለኝ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም።

«እውነት ነው።»

ክዳኑን ገፋ አድርጎ ጣቱን ነክሮ ቀመሰ፣ ልክ እንደዚያን ቀን። ከዚያ ባበጠ ፊቱ ፈገግ ብሎ «አምባዛ አታስገቢበትም?» አለኝ።

ወንበሩ ላይ አስተኝቼ አፉን ሲከፍትልኝ፣ የማደንዘዣውን መርፌ ግማሹን ብቻ ወግቼ ጥርሱን ብነቅለውስ የሚል ሐሳብ መጣብኝ፤ ማንም አያውቅም፣ ያኔም ማንም አላወቀም። እጄ ቆመ። ከታች ዓይኑን ሳይነቅል ያየኝ ነበር፣ ግቢያችን ውስጥ እንዳየኝ። መርፌውን እስከ መጨረሻው ሰጠሁት፣ እስኪደነዝዝ ጠበቅሁ፣ ነቀልኩለት።

«አያ ሙላት» አልኩት። በልጅነቴ እናቴ እንዲያ በይው ስትለኝ እንቢ ያልኩት ስም ነው። «ነገ ጠዋት ጀምረህ፣ ለብ ያለ ውሃ ላይ ጨው ጨምረህ ተጉመጥመጥበት።»

ጥጥ የነከሰ አፉን ይዞ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። «አንች ልጅ፣ መድኃኒትሽ ሁሉ ጨው ነው እንዴ?» አለኝ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞሮ መስታወቱን አየ። «ስንት ናቸው?»

«አራት።»

«ያኔም አራት ነበሩ» ብሎ ወጣ።

ያኔ በርሜሉ ክዳን አልነበረውም፣ የፈለገ ሁሉ የፈለገውን ይጨምርበት ነበር፤ የዛሬው ክዳን አለው፣ ማን ከማን ጋር እንደሚኖር የምወስነውም እኔ ነኝ። እሱ ከሄደ በኋላ በሩን ዘግቼ ክዳኑን ከፈትኩና ጣቴን ነክሬ ቀመስኩ። የዚያን ቀን አባቴ ቀምሶታል፣ ሙላትም ቀምሶታል፤ ሳልቀምሰው የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።