አባቴን ባዮሎጂ ሳስተምር

ለሁለተኛ ዲግሪ የመግቢያ ፈተና መጀመሪያ ስቀመጥ ወድቄ ነበር። ባሕር ዳር አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ የወደቅሁትም በዚያው በባዮሎጂ ነው። ተማሪዎቼ "ቲቸር፣ እንዴት ሆነ?" ሲሉኝ መግቢያ ጠፋኝ።

ለሁለተኛው ፈተና ስዘጋጅ ቅዳሜ ቅዳሜ በጀልባ ዘጌ፣ ወላጆቼ ዘንድ መሄድ ጀመርሁ። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ያስተማሩ መሪጌታ ናቸው። ግቢያችን ካለው የቡና ዛፍ ሥር ተቀምጬ ስሸመድድ አዩኝና ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ።

"ገብቶሻል?" አሉኝ።

"ይመስለኛል፣ አባባ።"

"እንግዲያውስ እኔን አስተምሪኝ። በእኛ ጉባኤ የቀደመው ተማሪ የኋለኛውን ያስጠናል። እኔ ካልገባኝ አንቺም አልገባሽም።"

ቀልድ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን አጎዛቸውን አስመጥተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። እንዲህ ያለ ተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም! ቅጠል ከፀሐይ ብርሃን ምግብ እንደሚሠራ ሳስረዳ "ቀይ ቅጠልስ?" ይላሉ፤ መልሱን ፍለጋ መጽሐፉን እገልጣለሁ። በሸመደድሁት ቃል ላልፍ ስል "በአማርኛ!" ብለው ይመልሱኛል።

አንድ ቀን፣ ለሴሎቻችን ኃይል የሚያመነጨው ማይቶኮንድሪያ ከእናት ብቻ እንደሚወረስ ነገርኋቸው።

"ከአባት ምንም?"

"ምንም።"

"ታዲያ ይህ እንደ ጀልባ ሞተር የማያርፍ ምላስሽ የእናትሽ ነዋ!"

እናቴ ከጓዳ ሰምታ ኖሯል። "ዝም ማለትንማ ከማን ልትወርስ ኖሯል!" አለች። አባቴ እስኪያስላቸው ሳቁ።

የፈተናው ቀን ኮምፒውተሩ ፊት እየፈራሁ ተቀመጥሁ። ጥቂት ጥያቄዎች እንደ ሠራሁ ያው የማይቶኮንድሪያ ጥያቄ መጣ። ሳቄ አመለጠኝ። ፈታኙ መጥቶ "ደኅና ነሽ?" አለኝ። "በጣም ደኅና ነኝ" አልሁት። ከዚያ በኋላ ጥያቄዎቹን ሁሉ አባቴ እንደጠየቁኝ አድርጌ አነበብኋቸው፤ ፍርሃቴም ለቀቀኝ።

ውጤቱ የወጣው ወደ ዘጌ ስሄድ፣ ጀልባ ላይ ሳለሁ ነው። አብራኝ የምታስተምር ጓደኛዬ ደውላ "ተለቋል፣ ቶሎ እይ!" አለችኝ። ስልኬ ላይ ገጹ እስከ ግማሽ ድረስ ተከፈተና ኔትወርኩ ጠፋ። "ኧረ አሁን ይጠፋል!" ብዬ ስጮኽ ጀልባው ላይ ያለው ሰው በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ነገሩን ስነግራቸው አጠገቤ የነበሩ አንዲት መነኩሲት ባለጀልባውን "ልጄ፣ እባክህ ኔትወርክ ወዳለበት መልስልን" አሉት። እሱም ሳያንገራግር አዞረው። ስልኬን ከፍ አድርጌ ቆምሁ፤ መንገደኛው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል።

አልፌአለሁ!

መጀመሪያ እልል ያሉት መነኩሲቷ ናቸው። አብረውን የተሳፈሩ ቡና ነጋዴ ሴቶች ተቀበሏቸው፤ ባለጀልባው ጡሩንባውን እየነፋ ወደ ዘጌ ገሰገሰ። አባቴ ወደቡ ላይ ዱላቸውን ይዘው ግራ ገብቷቸው ይጠብቁ ነበር።

"ሙሽራዋ የት አለች?" አሉ።

"አለፍን፣ አባባ! ፈተናውን አለፍን!"

ጉልበታቸውን ልስም ዝቅ ስል አንሥተው ግንባሬን ሳሙኝ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። ከዚያ ዞር ብለው መንገደኛውን ሁሉ "ግቡ፣ ወደ ቤት ግቡ! ጠላ አለ!" አሉ።

አንድም ሰው አልቀረም። ባለጀልባው ባሕር ዳር የሚጠብቁት ተሳፋሪዎች ቢደውሉ ቢደውሉ ስልኩን አልሰማም፤ እናቴ አጠገብ እስክስታ ላይ ነበር።