የክኒኑ ሰዓት

መጀመሪያ ሳል ነበር። ሂርና ላይ ሽንኩርት ሳስጭን የያዘኝ አቧራ ነው ብዬ ናቅሁት። ሳምንታት አለፉ፣ ሳሉ ግን አለቀቀኝም። አመሻሽ ላይ ያተኩሰኛል፤ ስነሳ ልብሴን በላብ ርሶ አገኘዋለሁ። ቀሚሶቼ ሁሉ ሰፉኝ።

ለመታመም ጊዜ አልነበረኝም። የአትክልት ነጋዴ ነኝ፤ ከገበሬ ሰብስቤ ወደ ድሬዳዋ እልካለሁ፣ ሥራዬ ሁሉ በስልክ ነው። ቅዳሴ ላይ እንኳ ስልኬ ነጠላዬ ስር ይንቀጠቀጣል። ወጥቼ ግንቡ ጥግ ዋጋ ስከራከር እቆይና ስመለስ ወንጌሉ ተነቦ ያልቃል። በሳምንቱ ውስጥ ያመለጠኝን ጸሎት ለእሑድ አጠራቅማለሁ፣ እሑድም ከሾፌር ጋር ስነታረክ ትመሽብኛለች። አንድ ቀን ረጋ ብዬ እጸልያለሁ እያልኩ ስንት ዓመት እንደሄደ እንጃ።

አንድ ጠዋት አክታዬ ውስጥ ደም አየሁ። እዚሁ ጭሮ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። አክታ ሰጠሁ። ራጅ ተነሣሁ። የሳንባ ቲቢ ነው አሉኝ። 

መድኃኒቱን የምትሰጠኝ ነርስ ሲስተር ፈትያ ትባላለች። በየጠዋቱ እሷ ፊት ቆሜ እውጣለሁ። ሽንቴ በመድኃኒቱ ቢቀላ እንዳልደነግጥ ነገረችኝ። አንድ ቀን ቀርቼ በማግስቱ ደርቤ ልውሰድ ብላት እጄን ያዘችኝ።

"እህቴ፣ ይሄ መድኃኒት አይጠራቀምም። የዛሬውን ዛሬ ነው የምትውጪው። ስድስት ወር ታገሺ፣ ኢንሻአላህ ትድኛለሽ።"

ለጊዜው ሰው ከሚሰበሰብበት ራቂ ስለተባልኩ ቤተ ክርስቲያን ቀረብኝ። ቤቴ ዳገቱ ላይ ስለሆነ የቅዳሴው ድምፅ በድምፅ ማጉያ እስከ መስኮቴ ይደርሳል። እዚያ ተቀምጬ አለቅስ ነበር። በደጁ ሳለሁ ያልራበኝ ነገር ከሩቅ ራበኝ። ስልኬን ዘጋሁ። ዝም ሲል ግን ጸሎቱ አልመጣም። ዳዊቴን ስከፍት ልቤ ሂርና ሄዶ ሽንኩርት ይጭናል። ያኔ በጣም ፈራሁ። ለካ የሚጠራኝ ስልኩ ብቻ አልነበረም።

ሁለት ወር ሲያልፍ ሳሉ ቆመ፣ መድኃኒቱንም ቤት ወስጄ እንድውጥ ተፈቀደልኝ። እኔ ግን ለማንም ሳልነግር አሰቦት አካባቢ ጸበል ገባሁ። እዚያ ቆላ ውስጥ፣ ኔትወርክ በሌለበት፣ ከእግዚአብሔር ጋር ብቻዬን ለመሆን ጓጓሁ። ጸበል የሚጠጣው በባዶ ሆድ ነው፤ ክኒን መጨመር እምነት ማጉደል መሰለኝና ቤት ትቼው ሄድኩ።

ትኩሳቱ ተመለሰ። ሳሉም ተመለሰ። ሰው ደግፎ ጭሮ አመጣኝ። ሐኪሙ ራጁን አየ። ከዚያ "ተሕዋሲው መድኃኒቱን ተላምዶት ከሆነ ሕክምናው ከባድና ረጅም ነው። አክታሽ ይመርመር" አለኝ። ውጤት ጠበቅሁ።  ሳልጸልይ ልሞት ነው ብዬ አሰብኩ።

አልተላመደም ነበር። መድኃኒቱን እንደ አዲስ ጀመርኩ።

የንስሐ አባቴ ሊጠይቁኝ ሲመጡ ጸበል በጆግ ይዘው ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ልቤ አንድ ቦታ አልረጋ ማለቱንም ጭምር። ክኒኑን አምጪ አሉኝና አመጣሁ።

"ልጄ፣ ሁለቱንም የሰጠ አንድ ነው። በጸበሉ ዋጪው። ስትውጪ አንዲት አቡነ ዘበሰማያት በዪ። ልብሽ መሀል ላይ ከሄደብሽ አትቆጪው፤ ካቆምሽበት ቀጥዪ።"

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ እኔ፣ አንድ ብርጭቆ ጸበል፣ ክኒኔና አንዲት ጸሎት ሆንን፤ መጀመሪያ ላይ "ስጠን ዛሬ" የሚለው ጋ ሳልደርስ ሐሳቤ ገበያ ይወጣ ነበር፣ እየቆየ ግን አንዳንድ ቀን እስከ መጨረሻው አብሮኝ ይቆይ ጀመር፣ ሲቆይ ደግሞ ደስታው እንባ ያመጣብኛል። ይህን ለሲስተር ፈትያ ባጫውታት ሳቀችና እሷም ሶላት ላይ ቆማ የነገውን ወጥ እንደምታስብ ነገረችኝ።

አሁን ድኛለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሲስተር ፈትያንና የንስሐ አባቴንም ያኑርልኝ። ይህን የምታነቡ ሕመምተኞች፣ ሳሉ ቆመ ብላችሁ መድኃኒታችሁን አታቋርጡ፤ ጸበል ከገባችሁም ይዛችሁት ግቡ፣ ለሐኪማችሁም ንገሩ። ጸሎት ለማይሆንላችሁ ደግሞ ሰፊ ጊዜ አትጠብቁ፤ እኔ ስጠብቅ መቼም አልመጣልኝም።

ቅዳሴ ስሄድ ስልኬ ቤት ይቀራል። ልቤ ግን ዛሬም ይሄዳል፣ እመልሰዋለሁ፣ እንደገና ይሄዳል። እውነቱን ልናገርና፣ መስኮቱ ስር እያለሁ የነበረኝ ረሃብ ይናፍቀኛል፤ ጤነኛ ከሆንኩ ወዲህ እንደዚያ አልራበኝም። ለዚህ ነው ክኒኑ ቢያልቅም ሰዓቱን ያልተውኩት። በየጠዋቱ በዚያው ሰዓት ብርጭቆዬን ሞልቼ መስኮቱ ጋ እቆማለሁ። ስልኩ ጓዳ ሆኖ ይጮኻል። "አባታችን ሆይ" እላለሁ።